ፊቷን አትሸፍኚ

ልጄ ስትወለድ ሥጋ አልነበራትም። አዋላጇ አንሥታ ስትሰጠኝ እጄ ላይ ያረፈው የጨርቁ ክብደት እንጂ የእሷ አልመሰለኝም። ዘመኑ የችግር ነበር፤ ጡቴም ደርቆ ነበር። በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሣ ካህኑ ከውኃው አውጥተው ሲያቀብሉኝ፣ «ይቺን ልጅ ማርያም ትያዝልሽ» አሉኝ።  ምን ማለታቸው እንደሆነ ገብቶኝ ነበር።

በዚያው ሳምንት አሸተን ማርያም ወጣሁ። የምንኖረው ከላሊበላ ከተማ በላይ፣ ወደ ተራራው በሚወስደው መንገድ ትከሻ ላይ ካለች ትንሽ መንደር ስለሆነ ገዳሟ ለእኛ ጎረቤት ናት። ደጇ ላይ ወድቄ ተሳልሁ። «ልጄን ሥጋ አልብሽልኝ፤ ጥላ አገባልሻለሁ» አልሁ። ሰው ሲሳል ልክ አይናገርም። እኔም ልኩን አልተናገርሁም።

ሰጠችኝ። ልጄ በሦስት ዓመቷ ጉንጯ ሞልቶ፣ እጇ ላይ ክር የታሰረበት የሚመስል እጥፋት እስኪወጣላት ወፈረች። ጥላውን አገባሁ። አባቷ ብዙ አልቆየልንም፤ እሱ ካረፈ በኋላ በቤቱ ውስጥ የቀረነው እኔና እሷ ነን። እሷን ማብላት ለኔ ምስጋና ነበር። «ጠገብሁ» ስትለኝ አላምናትም። አንድ ጉርሻ ስለ እኔ፣ አንድ ጉርሻ ስለ አባትሽ፣ አንድ ጉርሻ ስለ እመቤታችን እያልሁ ሳህኑን አስጨርሳት ነበር።

በኛ አገር ክሳት የሚነገረው ለታመመ፣ ለተራበና ሐዘን ለተቀመጠ ሰው ነው። «ወፈርሽ» ማለት ምርቃት ነው። ልጄ አድጋ ከተማ ወርዳ ከአንድ ሆቴል ወጥ ቤት ተቀጠረች፤ በሠላሳ ዓመቷ በር ስትገባ በሩን ትሞላው ነበር። ሰንበት ሰንበት ልታየኝ ስትመጣ ጎረቤቶቼ ደጅ ወጥተው ያዩዋታል። «ተመችቷት» ይላሉ። እኔም ነጠላዬን እያስተካከልሁ ዝም እላለሁ፤ ዝምታዬ ግን ኩራት ነበር።

ዳገቱን ስትወጣ ታለከልካለች። ስትተኛ ታንኮራፋለች። አንዳንዴ ማንኮራፋቷ ድንገት ይቆምና ቤቱ ጸጥ ይላል። እኔ አጠገቧ ሆኜ፣ «እፎይ፣ አሁን ገና ደኅና እንቅልፍ ወሰዳት» እላለሁ። ይህን የምጽፈው እንዳልረሳው ነው።

ከሁለት ክረምት በፊት አንዲት ወጣት የጤና ባለሙያ ጥናት ይዛ ወደ መንደራችን መጣች። ቀጭን ናት፤ ጫማዋ ለድንጋያችን አልሆነም። ሁለት ነገር ልጠይቅ ነው የመጣሁት አለች። አንደኛው፣ በሽተኛ ከቤቱ ተነሥቶ ሐኪም እጅ እስኪገባ ድረስ በመንገድ ላይ ምን እንደሚያገኘው ነው። ሁለተኛው ወፍረት የሚያመጣው ሕመም ነው። የመጀመሪያው ገባን። ሁለተኛው አሳቀን።

ጥያቄዋን ያቀረበችልን በቅሬው ስብሰባ ላይ ነው። ቅሬ የምንለው የመንደሩን ማኅበር ነው፤ የሞተውን ይቀብራል፣ የታመመውን ተሸክሞ መኪና ወዳለበት ያወርዳል። ዳኛ አለው። ቃሬዛው፣ ማለትም ሁለት ረጅም እንጨት በጠፍር የተወጠረበት የበሽተኛ መሸከሚያ፣ የሚቀመጠው ከዳኛው ቤት ነው። የኛ ዳኛ ከኔ በዕድሜ የሚበልጡ፣ ብዙ ሰው የተሸከሙና ብዙ ሰው የቀበሩ ሽማግሌ ናቸው። ትከሻቸው ላይ እንደ በሬ ጫንቃ የጠነከረ ቆዳ አለ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከወይራው ሥር ተሰበሰብን። ባለሙያዋ ልጅ መጀመሪያ ሚዛኗን ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አስቀመጠች። አንዷ ጎረቤቴ፣ «መዝና ገበያ ልታወጣን ነው፤ እኔን ማንም አይገዛኝም» አለች። ሴቶቹ ተራ በተራ እየሣቁ ወጡ። ልጄም ያን ዕለት መጥታ ስለነበር ወጣች። ሁሉም ቁጥሩን ለመስማት ዝም አለ። ልጅቱ አየችው፣ ጻፈችው፣ ድምፅ አላወጣችም። ይህን ወደድሁላት።

ቀጥሎ የልጄን ወገብ በሜትር ለካች፤ ክንዷ ላይ ጨርቅ አስራ ደም ግፊቷን አየች፤ ጣቷን ወጋ አድርጋ ደም ወሰደች። ከዚያ ልጄን ለብቻዋ ጠርታ አነጋገረቻት። እኔም ተከተልሁ። ስኳሯም ግፊቷም ከፍ ብሏል፣ ሳትዘገይ ሆስፒታል ሄዳ መድኃኒት መጀመር አለባት አለች። እንቅልፏንም ጠየቀች፤ ታንኮራፋለች ወይ፣ ትንፋሿ ይቆማል ወይ አለች። እኔ መለስሁ። «ደኅና ትተኛለች» አልሁ።

ተናድጄ ነበር። «ልጄ ሆይ፣ በሽታውን የት ላይ አየሽው? ፊቷን አታዪውም?» አልኋት።

«ፊቷማ ያምራል፣ እናቴ» አለችኝ። «ይሄ ሕመም ፊት ላይ አይወጣም።»

«ለከሳው መድኃኒት ጠፍቶ፣ ለወፈረው ሕመም ይፈለግለታል?» ስል ሴቶቹ ሣቁ። እሷም ሣቀች፤ ነገሩን ግን አልለቀቀችውም። ልጄ በማግሥቱ ሳትነግረኝ ሆስፒታል ሄደች። ክኒን ሰጧት።

ያን ዕለት ከወይራው ሥር ግን ባለሙያዋ ወደ ወንዶቹ ዞረች። ስንት ሰው ይሸከማል፣ በስንት እርምጃ ትቀያየራላችሁ፣ መንገዱ ምን ያህል ይፈጃል ብላ ሁሉንም ጠየቀች። ወፍራም ሰው ተሸክማችሁ ታውቃላችሁ ስትል የወፍጮ ቤቱ ባለቤት፣ «ወፍራም ሰው ሀብታም ነው፤ ሀብታም በመኪና ነው የሚሄድ» አላት። እሱ ራሱ በመንደሩ አለ የተባለ ወፍራም ነውና ሳቁ እሱ ላይ ተመለሰ። ልጅቱ ግን ጻፈችው። ዛሬ በየከተማው ሰው እየከበደ ነው፣ ቃሬዛችሁ ግን የተሠራው ለቀጭን ሰው ነው፣ ከባድ ሰው በጀርባው ሲተኛ ደግሞ የገዛ ሥጋው ጉሮሮው ላይ ይጫናል አለች። ሁለቱን ጥያቄ አንድ ላይ የያዘችው ለዚህ መሆኑን ያን ጊዜ ገባኝ። ቢገባኝም አልተቀበልኋትም።

በመጨረሻ መንገድ ላይ የሞተባችሁ ሰው አለ ወይ አለች። ዳኛው አለ አሉ። ከወደ ሙጃ በኩል ያመጧቸውን ሁለት ሰዎች፣ ከዚሁ መንደር ደግሞ አንዲት እናት አነሡ። እንዴት ሞቱ አለች። ዳኛው እንዲህ መለሱ፤ «አውርደን ስናበቃ ፊታቸውን ገለጥን። አልፈው አገኘናቸው።»

«መቼ አለፉ?» አለች።

ዳኛው ወደ ወንዶቹ ዞረው አዩ።

«ዳገቱ ላይ ነው? ቁልቁለቱ ላይ? ወንዙ ጋ?»

«እንጃ፤ ተሸፍነው ነበር» አሉ።

«እና ከሸፈናችኋቸው ጀምሮ ያያቸው ሰው አልነበረም ማለት ነው?»

ልጅቱ ይህን ያለችው ለመውቀስ አልነበረም፤ ወረቀቷን እያየች፣ የሚጻፈውን እየፈለገች ነው። ግን ከወይራው ሥር ያለነው ሁሉ ነገሩን ያን ጊዜ አየነው።  ያን ሁሉ ሰው የተከተላቸው፣ ያን ሁሉ ትከሻ የተቀያየረላቸው ሰዎች በመካከላችን ለብቻቸው ሞተዋል። ዳኛው ቆባቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። 

ፊት የምንሸፍነው ንቀን አይደለም። እኛ የከበረ ነገር ስንሸከም ሸፍነን ነው። ታቦት ተሸፍኖ ይወጣል። ሙሽራ ተሸፍና ትሄዳለች። ሕፃን በነጠላ ተከልሎ ይታዘላል። በሽተኛም ፀሐይ እንዳይመታው፣ የሰው ዓይን እንዳይበላው ይሸፈናል። ፍቅራችን እንደዚያ ነበር።

ልጅቱ የምታውቀውን አሳየች። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ቃሬዛው ላይ ተጋደመላት። በጎኑ አስተኛችው፤ እንዳይገለበጥ ጋቢ አጥፋ ከጀርባው አኖረች፤ አገጩን ወደ ላይ ቀና አድርጋ መንጋጋውን ከኋላ እንዴት እንደሚገፉ ዳኛውን በእጃቸው አለማመደቻቸው። ሰውየው፣ «እንዲህ የሚያስተኛኝ ካገኘሁ በየሳምንቱ እታመማለሁ» አለ። ዳኛው አልሣቁም። ተነሥተው፣ ከዛሬ ጀምሮ ቃሬዛ ሲነሣ ፊት አይሸፈንም፣ አንድ ሰው ከበሽተኛው ራስ አጠገብ ሆኖ ትንፋሹን እያየ ይሄዳል፣ ተሸካሚ ወደ ኋላ ዞሮ ማየት ስለማይችል ያ ሰው «አለ» እያለ ያሰማል ብለው ደነገጉ። የቅሬ ደንብ እንዲህ ነው፤ ዳኛው ከተናገሩና ሰው ካልተቃወመ ጸና።

እኔ ማታውን ለጎረቤቴ፣ «የታመመ ሰው ፊቱን ገልጦ መሄድ? ያየ ሁሉ ይብላው?» አልኋት። እሷም እንደኔው አለች።

በሚቀጥለው ታኅሣሥ፣ በነቢያት ጾም፣ ወር በገባ በሃያ አንድ ቀን ልጄ ከኔ ጋር አሸተን ልትወጣ መጣች። ብዙ ዓመት ወጥታ አታውቅም፤ ዳገቱ ይከብዳት ነበር። ደስ አለኝ። ጠዋት ክኒኗን ስታወጣ አየኋት፤ በሌላ እጇ ቁራሽ ዳቦ ይዛለች። ዳቦውን ከእጇ ወሰድሁ።

«መድኃኒት ጾም አይሽርም፤ እህል ግን ይሽራል። ክኒንሽን ዋጭ፤ ዳቦው ከቅዳሴ በኋላ ይደርሳል» አልኋት።

«ከምግብ ጋር ነው ያሉኝ፣ እማ» አለችኝ።

«ማርያም ደጅ ልትሄጂ ነው።»

 ልጄ አትመልስልኝም። ክኒኑን በውኃ ዋጠች፤ ወጣን።

ቅዳሴው በጾም ከቀትር በኋላ ስለሆነ ቀስ እያልን ነው የወጣነው። ግማሽ መንገድ ላይ ላቧ እንደ ዝናብ ወረደ። ዳገቱ ነው አልሁ። ከዚያ እጇ ተንቀጠቀጠ። ነገር ስጠይቃት ሌላ ነገር መለሰችልኝ፤ የሆቴሉን ወጥ የምታማስል ይመስል ስለ ሽንኩርት ተናገረች። ገዳሟ ልትታይ ጥቂት ሲቀር፣ መንገዱ ከገደሉ ጋር ተጣብቆ ከሚያልፍበት በታች፣ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ከድንጋዩም ተንሸራታ ወደቀች።

ጠራኋት። አልሰማችኝም።

ከኋላችን ለቅዳሴ የሚወጡ ሰዎች ደረሱ። አንዱ ለዳኛው ስልክ ደወለ። አንድ ካህን ከገዳሙ ጸበል ይዘው ወረዱ። በአፏ እንዲያጠጡልኝ ለመንኋቸው። ጎንበስ ብለው አዩዋትና፣ «አትውጠውም፤ ያንቃታል። በግንባሯም ይሠራል» ብለው ረጩላት። ሰዉ ከበበን። ልጄ በጀርባዋ ተዘርግታለች፤ ሰው ሁሉ ያያታል፤ ያ ስኮራበት የኖርሁት ሥጋዋ መሬት ላይ ነው። ነጠላዬን አወለቅሁና ከራሷ እስከ ደረቷ ሸፈንኋት። ከነጠላው ሥር ማንኮራፋቷ ይሰማ ነበር። ትንፋሿ አለ ብዬ ተጽናናሁ።

አንድ ንጉሥ ዳዊት፣ ማለትም ዐሥር መዝሙር፣ ተደግሞ ሳያልቅ ዳኛው ከነቃሬዛው ደረሱ። ከኋላቸው ወንዶች ነበሩ፤ የወፍጮ ቤቱ ባለቤትም እያለከለከ መጥቷል። ዳኛው አላዘኑልኝም፣ አላጽናኑኝም። ነጠላዬን ያዙ።

«እህቴ፣ ፊቷን አትሸፍኚ» አሉኝ።

አልለቀቅሁም። «ሰው እያያት ነው» አልሁ።

«ይያት» አሉ። «ያላየናቸው ናቸው የሞቱብን።»

ለቀቅሁ። ነጠላዬን አጥፈው አጥፈው እንደ ትራስ አደረጉት፤ ልጄን በጎኗ አዙረው ከጀርባዋ አኖሩት። ቃሬዛው ላይ ሲያወጧት እንጨቱ ጎበጠ። ሌላ ጊዜ አራት ሰው ይሸከማል፤ ያን ቀን ስምንት ሆኑ፣ ስምንት ደግሞ ለቅያሪ ተከተሉ። ለቅዳሴ ነጭ ለብሰው የወጡ ወንዶች ናቸው። አንድም ሰው ስለ ክብደቷ ቃል አላወጣም። ይህን እስክሞት አልረሳውም።

ማን ፊቷን ያያል ተባለ። ዳኛው ወደኔ ተመለከቱ። «አንቺ ነሽ። የእናት ዓይን አይሰለችም» አሉ። ቀጥለውም፣ «አታልቅሺ፤ እንባ ያሳውራል» አሉኝ።

ቁልቁለቱን ጀመርን። ከራሷ አጠገብ እየሄድሁ ከንፈሯን፣ አፍንጫዋን፣ ደረቷን አያለሁ። ትንፋሽ ሲገባ «አለች» እላለሁ። ሲወጣ ዝም እላለሁ። ሲገባ «አለች» እላለሁ። እግሬን የት እንዳስቀመጥሁ አላየሁም፤ አንዲት ሴት ከኋላ ቀሚሴን ይዛ ትመራኝ ነበር፤ ማን እንደሆነች እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ዕድሜዬን ሁሉ ብዙ ጸልያለሁ። እንደዚያች አንዲት ቃል ግን አጥብቄ የያዝኋት ጸሎት የለችም። ወንዶቹ በእሷ ይራመዱ ነበር። «አለች» ስል እርምጃ፣ «አለች» ስል እርምጃ።

ያን ጊዜ ነው የልጄን ትንፋሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት። ሠላሳ ዓመት ሳህኗን ነበር የማየው።

መንገዱ ከሁለት ቋጥኝ መካከል ይገባል። እዚያ ስምንት ሰው ጎን ለጎን አያልፍም። አራቱ ለቀቁ፤ ቃሬዛው አዘነበለ፤ ልጄ ነጠላውን ተጭና በጀርባዋ ተገለበጠች። ማንኮራፋቷ ቆመ።

ጸጥታውን አወቅሁት። ቤቴ ውስጥ፣ መደቤ ላይ፣ «እፎይ» ስልለት የኖርሁት ጸጥታ ነው።

መጮህ ፈለግሁ፤ አፌ አልታዘዘልኝም። «የለችም» ማለት አልቻልሁም። ዝም አልሁ። ተሸካሚዎቹ ግን ዝምታዬን ሰሙ። ማንም ሳያዛቸው ሁሉም በአንድ ጊዜ ቆሙ።

ዳኛው፣ «አውርዷት» አሉ። ከቋጥኙ መካከል ባለችው ጠባብ ሥፍራ አሳረፏት። ዳኛው ከራሷ በኩል ተንበርክከው እነዚያን ሸካራ ጣቶቻቸውን ከመንጋጋዋ ሥር አስገቡ፤ ከወይራው ሥር እንደተማሩት ወደ ላይ ገፉት። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ትከሻዋን ይዞ ወደ ጎን አዞራት። ምንም አልሆነም። ዳኛው እንደገና ገፉ። «ነይ፣ ልጄ» አሏት፣ ቀስ ብለው፣ በር ላይ የቆመ እንግዳ እንደሚጠሩ።

ከውስጧ ረጅም ሸካራ ድምፅ ወጣ። ደረቷ ተነሣ።

«አለች» አልሁ።

ስምንቱም በአንድ ቃል «ተመስገን» አሉ። ተነሣን። ዳኛው ከዚያ በኋላ እጃቸውን ከመንጋጋዋ አላነሡም፤ ጎንበስ ብለው፣ ወደ ጎን እየተራመዱ፣ ያን ሁሉ ቁልቁለት ወረዱት። የእኔ ሥራ መናገር ብቻ ነበር።

መንገዱ ጫፍ ላይ በስልክ የተጠራ የምትሠራበት ሆቴል መኪና ይጠብቀን ነበር። አምቡላንሱ ሌላ በሽተኛ ይዞ ወደ ጋሸና ወጥቷል ተብሏል። ሆስፒታል ስንደርስ አንድ ነርስ ጣቷን ወጋ አደረገና ስኳሯ በጣም ወርዷል አለ። ስኳር ያለበት ሰው ስኳር የሚያንሰው እንዴት ነው ብዬ ግራ ገባኝ።

«ክኒን ወስዳለች?» አለኝ።

«ውጣለች።»

«ምን በላች?»

ዝም አልሁ። ያን ቀን ሁለተኛ ዝምታዬ ነው። ነርሱ አየኝ፤ አልወቀሰኝም። ክንዷ ላይ ደም ሥር ፈልጎ በመርፌ የሆነ ነገር ቀስ አድርጎ አስገባላት። እኔ ሰዓታት ይፈጃል ብዬ መቁጠሪያዬን አወጣሁ። ጥቂት ዙር እንደሄድሁ ልጄ ዓይኗን ገለጠች። ጣራውን አየች። እኔን አየች።

«እማ፣ ራበኝ» አለችኝ።

ያን ጊዜ አለቀስሁ። ከተራራው ጀምሮ የያዝሁትን ሁሉ።

ከዳነች በኋላ ወደ ነፍስ አባቴ ሄጄ ሁሉንም ነገርኋቸው።  «ለምን አልጠየቅሽኝም? ጾም ለታመመ ሰው ሸክም ሆኖ አልተሠራም። ዳቦውን የከለከላት እግዚአብሔር አይደለም፤ አንቺ ነሽ» አሉኝ። ለልጄ ከክኒኑ ጋር እንድትበላ ፈቀዱላት። ቀኖናውን ለእኔ ሰጡኝ። ሰገድሁት። ቀለለኝ ማለት አልችልም፤ ግን ደስ ብሎኝ ነው የሰገድሁት።

ከክረምቱ በፊት ያቺ ቀጭን ልጅ ተመልሳ መጣች። ጫማዋን ለውጣለች። ከቤቴ ተቀምጣ የሆነውን ሁሉ ጠየቀችኝ። «አለች» ማለቱ ከየት መጣ አለች፤ ከዳኛው ደንብ ነው አልኋት። እኔ አላስተማርኋቸውም እኮ አለች። ፊት መሸፈኑም በወረቀቷ ላይ ያልነበረ ጥያቄ ነበር፤ የሚጻፍ ነገር ስታጣ ነው ከአፏ ያመለጠው።  አንዲት ልጅ ከሩቅ መጥታ፣ ልትጠይቅ ያላሰበችውን ጠይቃ ሄደች፤ ያ ጥያቄ በአንድ ሽማግሌ ልብ ውስጥ ወራት ተቀምጦ፣ ልጄ በወደቀችበት ቀን ከቋጥኙ መካከል ጣት ሆኖ ደረሰ። የእግዚአብሔርን መንገድ ማን ያውቀዋል።

ባርክሽ ዘንድ ወደኔ ቅረቢ አልኋት። ቀረበች። ስመርቃት ቆይታ፣ ሐቀኛ ናትና፣ «እናቴ፣ አንድ ሰው መዳኑ ለጥናት ማስረጃ አይሆንም። ገና ብዙ መንደር መጠየቅ አለብኝ» አለችኝ።

«ለኔ ግን ያለችኝ አንድ ናት» አልኋት።

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።  ከዚያ ሚዛንሽን አምጪ አልኋትና ወጣሁበት። «ቁጥሩን ጮክ ብለሽ ንገሪኝ፤ እኔን የሚገዛ የለም» ስላት ሣቀች።

ልጄ አሁንም ወፍራም ናት፤ ግን ትንሽ ቀንሳለች። ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ በእግሯ ትሄዳለች። የምትበላውን ለክታ ትበላለች፤ «ጠገብሁ» ስትለኝ ሳህኑን አነሣለሁ። እጄ አሁንም ይተናነቀኛል፣ ግን አነሣለሁ። ስታንኮራፋ በጎኗ አዞራታለሁ። ጎረቤቶቼ «ምነው ከሳችብሽ?» ይሉኛል። «ተመስገን» እላቸዋለሁ። ግራ ይገባቸዋል።

ባለፈው ወር፣ በሃያ አንድ፣ እንደገና አሸተን ማርያም ወጣን። ልጄ ለገዳሟ አዲስ ጥላ ይዛለች፤ የዚህ ስለት የኔ ሳይሆን የእሷ ነው። ምን ብላ እንደተሳለች አልጠየቅኋትም። እየቆምን፣ እየተቀመጥን ወጣን። ያ ድንጋይ ጋ ስንደርስ ተቀመጠች። ክኒኗን አወጣች። ከጉያዋ ዳቦዋን አወጣች።

ለቅዳሴ የሚወጣው ሰው ነጠላውን አጣፍቶ በአጠገባችን ያልፋል። ረቡዕ ነበር። ሰው ሁሉ ይጾማል፤ ልጄ በመንገድ ዳር ትበላለች። እጄ ሳላዝዘው ተነሣ፤ ነጠላዬን ዘርግቼ ከሰው ዓይን ልከልላት ፊቷ ድረስ አደረስሁት።

እዚያ ላይ ቆምሁ።

አወረድሁት። አጥፌ ድንጋዩ ላይ አነጠፍሁላትና ከፊት ለፊቷ ተቀመጥሁ። ዳቦውን ቆረሰች፣ አላመጠች፣ ዋጠች። ደረቷ ተነሣ፣ ወረደ። የሚያልፉት «እንደምን አደራችሁ» ይሉናል፤ እኔም ዓይኔን ከእሷ ሳላነሣ እመልስላቸዋለሁ።

«ምን ታዪኛለሽ፣ እማ?» አለችኝ፣ አፏ ሞልቶ።

«ብዪ» አልኋት።